ትልቅ ዓሣ ከየት ይገኛል?

በሐይቅ ውስጥ ብዙ የዓሣ ጫጩት በተለቀቀ ቁጥር ትልልቅ ዓሣ ይጠመዳል ብለው የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ይህ አስተሳሰብ ግን ትክክል አይደለም። ሐይቅ እንደ ግጦሽ መሬት ነው፤ ለሃምሳ ከብት በሚበቃ መስክ መቶ ቢሰማራበት ሁሉም ይከሳል እንጂ አንዱም አይሰባም።

ለዚህ ትራውት የተባለው ዓሣ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ትራውት ቀዝቃዛና ብዙ ኦክሲጅን ያለው ውሃ የሚስማማው ሲሆን፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቅቋል። ዕንቁላሉን የሚጥለው በሚፈስ ውሃ፣ በጠጠር መካከል ነው። ስለዚህ ተስማሚ ወንዝ በማይገባበት ሐይቅ አይራባም፤ የዓሣውን ቁጥር የሚወስነው ጫጩት የሚለቀው ሰው ነው። ጥቂት የለቀቀ ትልልቅ ዓሣ፣ ብዙ የለቀቀ ደግሞ ብዙ ትንንሽ ዓሣ ያገኛል።

ቆሮሶ ግን ከዚህ ይለያል፤ በሐይቅ ውስጥ ራሱን በፍጥነት ያራባል። ስለዚህ በየጊዜው ጫጩት ከመጨመር ይልቅ የመረቡን ዓይን ማስፋት ይሻላል። ዓይኑ በጠበበ መረብ ጫጩቱ ሳያድግ እየተለቀመ ሐይቅ ለመሙላት መድከም፣ በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

ለምግብ ብዙ ዓሣ የሚፈለግበት ሐይቅ ይኖራል፤ በመንጠቆ ትልቅ ዓሣ ለሚያጠምዱ ጎብኚዎች የሚውልም ይኖራል። እንግዲህ ዓላማው አስቀድሞ ይለይ፤ የውሃው ምግብም ይመርመር። ጫጩት መልቀቅ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።