ለማስለቀቂያ የማይጠፋው ብር

መስከረም ላይ አንድ ልጅ ቤቴ መጣ። ከደጃፉ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ «ቲቸር፣ ምን ይሻለኛል?» አለኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ ሃምሳ በመቶ አልሞላም። አጎቱ ወደ ጅቡቲ በሚያሻግረው መንገድ፣ ሎጊያ ላይ፣ ሰው ያውቃል። አባቱ ከጥማድ በሬያቸው አንዱን ለመሸጥ ቆርጠዋል። ግባ ብዬው ቡና ቀረበለት፤ ስኒውን እንደያዘ ቡናው ቀዘቀዘ። መሄድ፣ መማር፣ መሥራት እያለ ሦስቱን መንገድ ቆጠረልኝ። ሲቆጥር ግን ልቡ ያለው አንዱ ላይ ነበር፤ ብር የተዘጋጀው ለእሱ ብቻ ነዋ።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። በልጁ አይደለም። ደላላውንም ፈጣሪም ሕግም ይጠይቁት። እኔ የተናደድኩት በእኛ በወሎዎቹ ነው፤ በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦ፣ በከላላ አባቶችና እናቶች፣ በቅሬ (በዕድራችን) ዳኞች፣ በእኛ በመምህራን። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ፊት ቆመን «ምረጥ» እንለዋለን፤ ጥሪታችንን ግን አስቀድመን ለባሕሩ መንገድ መድበነዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጎረቤቴ ልጅ የመን ውስጥ ተያዘ። ስልኩ የጮኸው ሌሊት ነው። የያዙት ሰዎች እየደበደቡት እናቱን አናገሯት፤ ጩኸቷን ሰምተን ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሲነጋ ቅሬው ተሰበሰበ። አንዱ ለዘር ያስቀመጠውን ስንዴ ሸጠ፣ አንዷ የጆሮ ወርቋን አወለቀች፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅም ከመስጊድ ደጅም ተለመነ፣ እኔም የወር ደመወዜን ይዤ ሄድኩ። በአራተኛው ቀን ብሩ ሞላ፤ ልጁም ተለቀቀ። ያን ቀን «አብሽር፣ ሰው እያለ ምን ይሆናል» ተባብለን ተቃቅፈን አለቀስን። በወሎ ሰውነት ኮርቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ልጅ ከመሄዱ በፊት ብየዳ ልማር ብሎ አባቱን ለምኖ ነበር። አባትየው «ከየት አመጣለሁ?» አሉት። አልዋሹም፤ በእጃቸው አልነበረም። ግን ያው ብር በየቤታችን ተበትኖ ነበር። በአራት ቀን የሰበሰብነው ገንዘብ ለብየዳ ማሽንም፣ ለቤት ኪራይም፣ ለዓመት ቀለብም ይበቃ ነበር። ልጁ በእግሩ ቆሞ ሲለምን ያላወጣነውን፣ በሰንሰለት ታስሮ ሲጮህ አወጣነው። ይህን ደግነት ብለን እስከ መቼ እንጠራዋለን?

ልጆቻችን የቆሙበትን ቦታ በቁጥር እንየው። በ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 845,099 ተፈትነው ያለፉት 27,267 ናቸው፤ 3.2 በመቶ። በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ፈተናው ጠብቆ ኩረጃው መቆሙ ትክክል ነው፤ ይህን ማንም አያስተባብለኝም። የሐሰት ውጤት ለድሃ ልጅ አይጠቅመውም። ግን ትምህርት ሚኒስቴር በሽታውን ካሳየን በኋላ ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆኑትን ወዴት ሂዱ አላቸው? ሪሜዲያል የገባው ገባ። የቀረውስ? ድሮ እስከ 2011 የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ነበር፤ መሰናዶ ያልገባው ልጅ በአሥራ ስድስት በአሥራ ሰባት ዓመቱ ቴክኒክና ሙያ ይገባ ነበር። ፈተናው ሲቀር ያ መታጠፊያም አብሮ ጠፋ። አሁን ልጁ አሥራ ሁለተኛ ድረስ በአንድ መንገድ ይነዳና ጫፉ ላይ ሲደርስ ብቻውን ይቀራል።

ከተማችን መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለባት ናት። ከሩቅ አገር የመጡ ተማሪዎች በመንገዳችን ሲያልፉ ልጆቻችን ቆመው ያያሉ። ከ2014 ጀምሮ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለሚሰጥ ብዙዎቹ የግቢ አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ በግቢ ሳህን በልተዋል። ለጥቂት ሌሊት። ያ ልጅ ቡናውን ይዞ የነገረኝ ስለ ፈተናው ጥያቄ አልነበረም። «ቲቸር፣ ማታ መብራቱ አይጠፋም፤ ቁጭ ብዬ ሳነብ አደርኩ» ነው ያለኝ። በዚህ ላይ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ በጦርነት ውስጥ ነው። በተዘጋ ትምህርት ቤትና በተቆረጠ መንገድ መካከል የተማረን ልጅ «ሰነፍ» የሚል ሰው ካለ እኔ ፊት አይበለው።

ሥራስ? መሬት እንዳንል በአማራ ክልል ከ1989 ወዲህ ጠቅላላ የመሬት ሽግሽግ አልተደረገም። ዛሬ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው ልጅ ያኔ አልተወለደም፤ ያለው የአባቱ ቁራሽ ማሳ ነው፣ እሱም ለወንድሞቹ ይካፈላል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ስንት ልጅ ተስፋ አደረገ! በ2014 ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሉ፣ ሰረዘች። የቀረው መተማ ወርዶ ሰሊጥ ማረም ነው፤ ለአንድ ክረምት፣ ከወባ ጋር።

እንግዲህ በዚህ መካከል ደላላው ይደርሳል። ውጤት በወጣ ሰሞን፣ ልጁ ከሰው ዓይን በሚሸሽበት ሳምንት። የሚሸጠው አገር አይደለም፤ ከእፍረት ማምለጫ ነው። ሎጊያ፣ ከዚያ የጅቡቲ በረሃ፣ ኦቦክ፣ ጀልባ፣ የመን፣ ከዚያ የሳውዲ ድንበር። ሐምሌ 27 ቀን 2017 አብያን የተባለው የየመን ዳርቻ ላይ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ 157 ሰዎችን የጫነች ጀልባ ሰጥማ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አለቁ። ሂውማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ባወጣው ዘገባ የሳውዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን ገልጿል። ይህን ሁሉ የመካነ ሰላም እናት አልሰማችም? ሰምታለች። በሬው ሲሸጥ ግን «የእኔን ልጅ አላህ ይጠብቀዋል»፣ «ማርያም ትከተለው» ትላለች። ዱአውም ጸሎቱም መልካም ነው። ግን ልጁን ራሳችን አውጥተን መንገድ ላይ ከጣልነው በኋላ የሚጸለይ አይመስለኝም።

ሴት ልጅ ስትሆን ነገሩ ይለያል፤ አይሻልም። እሷ ለቤት ሠራተኝነት በአውሮፕላን ትሄዳለች። ስንቷ ናት ቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ዕድሜ ተጨምሮላት የሄደች! የጨመርነው እኛው ነን። የ2008ቱ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ለሠራተኛ ስምንተኛ ክፍልን መነሻ አድርጎ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ደብተር ይዛ የተመላለሰች ልጅ ስምንተኛ ክፍል ወደሚበቃበት ማጀት ስትላክ፣ አራቱን ዓመት ከማን ላይ እንደሰረቅነው ጠይቀን እናውቃለን?

«ሄዶ ያለፈለትስ የለም?» እባላለሁ። አለ። ቆርቆሮውን አያለሁ፤ ያሳደጋቸውን ወንድሞችና እህቶች አስተምሬአለሁ። በእነሱ ላይ አንድ ክፉ ቃል አልናገርም። ግን ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ከሳውዲ የተጠረዙትን ከ160,000 በላይ ሰዎችም አስታውሳለሁ፤ ዓመታት ለፍተው ፌስታል አንጠልጥለው ከአውሮፕላን ሲወርዱ። ያለፈለትን ጠርተን ያላለፈለትን ዝም ስንል፣ ልጁ የሚሰማው ግማሹን ነው። መሄድ የሚፈልግ አዋቂ ሰው ይሂድ፤ ሁሉንም አውቆ፣ በሕጋዊ መንገድ፣ ሌላም በር ክፍት እያለለት። የእኔ ጠብ ሌላው በር ሁሉ ተዘግቶበት «መረጠ» ከሚባለው ጋር ነው።

ለልጁ የሚያስፈልገው አንድ ዓመት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን፤ እኛ ግን ውጤት በወጣ በሁለተኛው ሳምንት «ምን አሰብክ?» እያልን ልጁን ከቤት እናባርረዋለን። አንድ ዓመት ማለት በግል ተፈታኝነት ደግሞ ለመቀመጥ የሚያስችል ጊዜ ነው። አንድ ዓመት ማለት ኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ገብቶ ሙያ ለመጀመር፣ ወይም እዚሁ ከአንድ ልብስ ሰፊ፣ ከአንድ የሞተር ጠጋኝ አጠገብ ቆሞ እጁን ለማፍታታት የሚያስችል ጊዜ ነው። ጥቂት በግ ገዝቶ ለፋሲካና ለዓረፋ ማድለብም ሥራ ነው፤ ደጋችን የበግ አገር አይደለም እንዴ? ይህ ሁሉ ይሳካል አልልም። ከስሮ ቢመለስ ግን ከቤቱ ይመለሳል፤ እናቱ አስከሬኑን አትለምንም።

ስለዚህ በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ተነሥቼ እናገራለሁ። የቅሬው መዝገብ የሞተን መቅበሪያ ያውቃል፤ ሳንጽፈው ደግሞ የታፈነን ማስለቀቂያም ሆኗል። አሥራ ሁለተኛን ለጨረሰ ልጅ፣ አልፎም ይሁን ወድቆ፣ የዓመት መቆያ የሚሆን ብድር በዚያው መዝገብ አንድ ገጽ ይከፈትለት እላለሁ። ዳኞቹ «ደንባችን አይፈቅድም» ቢሉኝ፣ የየመኑ ስልክ በጮኸበት ሌሊት ደንቡን ማን እንዳነበበ እጠይቃቸዋለሁ። የመጀመሪያውን መዋጮ እኔ አወጣለሁ፤ ያኔ ለማስለቀቂያ ያወጣሁትን ያህል።

ልጁ ሲወጣ እስከ አጥሩ ሸኘሁት። «አባትህን ይዘህልኝ ና» አልኩት። «እሺ ቲቸር» ብሎኝ ሄደ፤ እስካሁን አልመጡም። ነገ ገበያ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ከበሬ ተራው በፊት ቤታቸው መድረስ አለብኝ።