ስንት ፈረስ ነው አትበሉ፤ ስንት ሜትር ነው በሉ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልናገር ነው። የሚከፋው ካለ ይቅርታ፤ ከሁሉም በላይ የምወቅሰው ግን ራሴን ነው።

የውሃ ፓምፕ ልንገዛ ስንሄድ የመጀመሪያ ጥያቄያችን "ስንት ፈረስ ነው?" የሚል ነው። ሻጩም "ግማሽ አለ፣ አንድ አለ፣ ሁለት አለ" ይላል። ብር ያለው ሁለቱን፣ የሌለው ግማሹን ይዞ ይወጣል። አለቀ። ውሃው ከምን ያህል ጥልቀት እንደሚወጣና ወደ ምን ያህል ከፍታ እንደሚሄድ ገዢም አይናገርም፣ ሻጭም አይጠይቅም። ኧረ ተው! ፈረስ ከሆነ የምንፈልገው ደባርቅ ገበያ ሞልቶ የለም እንዴ?

በሰፈራችን የሆነውን ልንገራችሁ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ጎረቤታሞች አዋጥተን የአንዱን ግቢ ጉድጓድ አስጠረግን። ባለ አንድ ፈረስ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ገዝተን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተከልን። ጊዜው መስከረም ነበር፤ ውሃው ከአፉ አራት ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። ማብሪያው ሲጫን ውሃው ፏ አለ። እናቶች እልል አሉ።

የካቲት ላይ ውሃው ወደ ስምንት ሜትር ወረደ። ፓምፑ ይጮኻል፣ ውሃ የለም። "ተበላሽቷል" ተባለ፤ ጥገና ሄዶ ተመለሰ፤ ያው ጩኸት። "የቻይና ዕቃ ምን ይጠበቃል?" ተባለ። ቀጥሎ "አቅም አንሶት ነው" ተብሎ እንደገና ተዋጣና ባለ ሁለት ፈረስ ተገዛ። እሱም ከበፊቱ የበለጠ ጮኸ። ውሃ ግን ጠብ አላለም። እናቶች ወደ ጄሪካናቸው ተመለሱ።

እኔ የት ነበርኩ? እዚያው ነበርኩ። "ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም" ስል "ቲቸር፣ እዚህ ላይ እኮ መሳቢያ 8 ሜትር ይላል፤ ጉድጓዱም 8 ሜትር ነው፤ ታዲያ ምን ይጎድላል?" አሉኝ። ሌላው ደግሞ "በዲፕሎማ ኢንጂነር መሆን ተጀመረ?" አለ። ተሳቀ። እኔም አብሬ ስቄ ዝም አልኩ። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው።

ያኔ ያልተናገርኩትን አሁን ልናገረው።

ከላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውሃን ጎትቶ አያወጣም። የሚያደርገው ቱቦው ውስጥ ያለውን የአየር ግፊት መቀነስ ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ጉድጓዱ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ የተጫነው የውጭው አየር ነው። ለስላሳ በስትሮ ስትጠጡም የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ አየሩ ከሚችለው በላይ ማንም ፓምፕ አይችልም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የመሳቢያ ፓምፕ ውሃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ እንደማያነሳ ጽፏል። ከእሱ ጋር የሠራው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 ነገሩ ከአየር ክብደት የመጣ መሆኑን በሜርኩሪ አሳየ። በ1648 ደግሞ የፓስካል እህት ባል ሜርኩሪውን ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ፒዩ ደ ዶም የሚባል ተራራ ወጣ። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሜርኩሪው ዝቅ አለ፤ ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳልና። የዚያ ተራራ ጫፍ ከባሕር ወለል 1,465 ሜትር ነው። እኛ ደባርቅ የምንተኛው 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው! እነሱ ተራራ ወጥተው ያዩትን እኛ ተኝተንበት አላየነውም።

ሂሳቡ ይኸው። በባሕር ወለል አየር ውሃን 10.3 ሜትር ያነሳል። ደባርቅ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 10.3 የነበረው 7.3 ይሆናል። ያውም ቱቦው ፍጭት ባይኖረው፣ ፓምፑም እንከን ባይኖረው ነው። በተግባር ከ5 ሜትር በላይ አትመኑ። ዳባት ትንሽ ይሻላል፤ ሊማሊሞን ወርዳችሁ ዛሪማ ስትደርሱ ደግሞ ሌላ ሂሳብ ነው። ፓምፑ ላይ የተጻፈው 8 ሜትር ውሸት አይደለም። ለጅቡቲ ሰው የተጻፈ እውነት ነው።

እንግዲህ ሁለት አይደለም ሃያ ፈረስ ብትተክሉ፣ ጉድጓድ አፍ ላይ ሆኖ ከ8 ሜትር የሚስብ ፓምፕ ደባርቅ ላይ የለም። ያላመነ ማጀቱን ይጠይቅ። ውሃ እዚህ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ንፍሯችን ከመተማ ንፍሮ ይልቅ ብዙ እንጨት የሚፈጀው በዚሁ በሳሳ አየር ምክንያት ነው።

እስካሁን የከሰርነው ብር ነው፤ ብር ይተካል። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ነው። "የቤንዚን ፓምፕ ተውሰን በገመድ ጉድጓዱ ውስጥ እናውርደው፤ አንድ ጎረምሳ አብሮ ወርዶ ያስነሳው" ተባለ። ጎረምሳው ገመዱን ወገቡ ላይ ማሰር ጀመረ። ያኔ ጮህኩ። የሞተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በደቂቃዎች ሰው ይጥላል። እሱን ላውጣ ብሎ የሚወርደውም አይመለስም። በዚያ ቀን ማንም አልሳቀብኝም።

ጎረምሳው ማን መሰላችሁ? የራሴ ተማሪ ነበር። "በአየር ግፊት ውሃ ስንት ሜትር ይነሳል?" የሚለውን ጥያቄ ፈተና ላይ 10.3 ብሎ መልሶልኛል። ራይት ሰጥቼዋለሁ! አንድም ቀን "እዚህ እኛ አገር ላይስ ስንት ነው?" ብዬ ጠይቄው አላውቅም። እኔንም እንዲሁ ነው ያስተማሩኝ። መጽሐፉ ስለ ባሕር ወለል ያወራል፤ እኛ ባሕር አይተን የማናውቅ የሰሜን ተራራ ልጆች ቁጥሩን ሸምድደን እናልፋለን። ትምህርት ማለት ይሄ ከሆነ ደብተሩም ፓምፑም እኩል ነው፤ ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ውሃ የላቸውም።

"ትልቅ መግዛት ምን ይጎዳል? ትርፍ አቅም እኮ ነው" የምትሉ አላችሁ። ይጎዳል። ትልቅ ፓምፕ ከጉድጓዱ ምንጭ ፈጥኖ ውሃውን ይጨርስና በደረቁ ይሽከረከራል፤ ከዚያ ሲሉ ይቃጠላል። ሲነሳ የሚስበው ኮረንትም ብዙ ነው፤ መብራቱ ደከም ባለ ሰዓት እምቢ ይላል። ደግሞስ ለምን? 1,000 ሊትር ውሃ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ሮቶ ለማውጣት የሚያስፈልገው ሥራ 98,000 ጁል ነው። በግማሽ ሰዓት ይሙላ ካላችሁ 54 ዋት ገደማ ማለት ነው። ግማሽ ፈረስ 370 ዋት ገደማ ነው። አብዛኛውን ቢያባክን እንኳ ይበቃል!

ስለዚህ እባካችሁ እንዲህ አድርጉ።

በመጀመሪያ ጉድጓዱን በበጋው መጨረሻ፣ ውሃው በጣም በወረደበት ጊዜ ለኩ። ገመድና ድንጋይ በቂ ነው። የመስከረም ውሃ አያታልላችሁ። ውሃው ከአፉ ከ5 ሜትር በላይ ከራቀ ከላይ የሚስብ ፓምፕ እርሱት፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከታች የሚገፋውን፣ ሰብመርሲብል የሚሉትን ግዙ። መግፋት በአየር ግፊት አይገደብም። ስታወርዱት በገመድ እንጂ በኤሌክትሪክ ሽቦው አታንጠልጥሉት፤ መብራቱን ሳታጠፉም አትንኩት።

ቀጥሎ ከውሃው ወለል እስከ ሮቶው አፍ ያለውን ከፍታ ደምሩ። ፓምፑ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ ከፍተኛ የውሃ መጠንና ከፍተኛ ከፍታ። ሁለቱ በአንድ ላይ አይገኙም። የውሃው መጠን የተጻፈው ምንም ሳይወጣ ሜዳ ላይ ሲፈስ ነው፤ ከፍታው የተጻፈው ደግሞ ውሃው ደርሶ ጠብ ማለት ሲያቆም ነው። የእናንተ ከፍታ ከተጻፈው ግማሽ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው።

በቱቦም አትሰስቱ። ለተመሳሳይ የውሃ መጠን የቱቦው ውስጥ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ፍጭቱ 30 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በፈረስ ያተረፋችሁትን በቀጭን ቱቦ አትክሰሩት።

አዲስ አበባ ያለ የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን በኢንቦክስ ለቤቱ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ልግዛ ሲል ጠየቀኝ። ውሃው ከላይኛው ገንዳ ወደ ታችኛው ይወርዳል፣ ፓምፑ መልሶ ያወጣዋል። "በሰዓት 3,000 ሊትር ይላል ቲቸር፣ ጥሩ ነው?" አለኝ። "ከፍታው ስንት ነው?" አልኩት። ሳጥኑ ላይ 2 ሜትር፣ እሱ ቤት 1.5 ሜትር። እንግዲያ ከተጻፈው ግማሹን ካገኘህ ዕድለኛ ነህ አልኩት። ዓሣ ሆነ ጎረቤት፣ ሂሳቡ አንድ ነው።

እኛ ሰፈር ሦስተኛ መዋጮ ተደረገ። ሰብመርሲብሉ ባለ ግማሽ ፈረስ ነው፤ ትንሽ ነው ተብሎ ተንቆ ነበር። ዛሬ ውሃ ያወጣል። ሁለቱ ትልልቆች እኔ ግቢ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ገዢ ከተገኘ ልንሸጣቸው ነው። ገዢው ግን አስቀድሞ ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሆነ ይነግረኛል፤ ካልነገረኝ አልሸጥለትም።

ይህን ጽሑፍ የእድር ገንዘብ ለያዘ፣ ጉድጓድ ላስቆፈረ፣ ሮቶ ለሰቀለ ሰው ሁሉ አድርሱልኝ። ነገ ፓምፕ ልትገዙ የምትወጡ ደግሞ፣ ከብሩ በፊት ገመድ ያዙ።