ሌሊቱን ቆመው ለሚያድሩልን



ቡና በሚለቀምበት ወቅት በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ገበያዎች ብዙ ገንዘብ ይዘዋወራል፤ ሌባም አይተኛም። ገበሬው የሸጠበትን ይዞ ቤቱ በሰላም እንዲገባ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ፖሊስ አለ። ለሥራ ወጥቶ ያልተመለሰም አለ።

«ፖሊስ ይመስገን» ሲባል ከመካከላችን ቅር የሚለው አይጠፋም። በሐምሌ 2004 የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴያችን አባላት መታሰራቸውን አልረሳንም። ፍትሕ ግን ሁለቱንም ይፈልጋል፦ የበደለ ይጠየቅ፤ ለሰው ሲል ነፍሱን ለአደጋ የሰጠ ይከበር። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሆነው ሳለ ሌሊት በመዲና እየተዘዋወሩ ሕዝባቸውን ይጠብቁ ነበር።

ስለዚህ በጥበቃ ላይ ያሉትን ሰላም እንበላቸው፤ አላህ እንዲጠብቃቸው ዱዓ እናድርግ። በሥራ ላይ ለሞቱት ልጆችም ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል ከሰደቃችን እናካፍል።