የልጁ ባለ ስምንት ጎማ

አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ቤታችሁ ካለና እጁ ላፕቶፕ ከገባ፣ ከጓዳ “ፍጠን! በጎን ዙር! በጎን!” የሚል ጩኸት ሰምታችሁ ይሆናል። ኳስ እያየ መስሏችሁ ከሆነ አይደለም። ጦርነት ላይ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ደግሞ ከታንኩ ይልቅ አንድ ሌላ ነገር ይወዳሉ፦ ሰንሰለት የሌለው፣ በስምንት ጎማ የሚከንፍ፣ አናቱ ላይ ፈጣን መድፍ የተተከለበት የእግረኛ ጦር መዋጊያ ተሽከርካሪ። ስለ እሱ እንዳወጋችሁ ያስገደዱኝ ከነገሌ ቦረና የደወሉልኝ አንድ አያት ናቸው።

ሻምበል ባሻ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። የአሥራ አራት ዓመት የልጅ ልጃቸው፣ ውጭ አገር ያለች አክስቱ በላከችለት ላፕቶፕ፣ የስልክ ዳታ እያገናኘ “ዋር ተንደር” የሚባለውን ጨዋታ ይጫወታል። “ልጁ ክፉ አይደለም። ትምህርቱም ደኅና ነው። ግን ተኩሱ ቤቴ ውስጥ ሲጮህ እኔ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ልከልክለው ወይስ ልተወው?” አሉኝ። ይህ ጥያቄ ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ቢመጣ ቶሎ እመልሰው ነበር። ከጉጂና ከቦረና ቆላ ሲመጣ ግን ያዝ ያደርጋል። እዚያ አካባቢ የእውነቱን ተኩስ በጆሮው የሰማ ልጅ ጥቂት አይደለም።

አስቀድመን ልጁ ምን እንደሚያደርግ እንወቅ። ጨዋታውን የሠራው ጋይጂን የተባለ ኩባንያ ነው፤ ማውረዱ ነፃ ነው። ሁለት ቡድን ይሰለፋል፤ ካርታው ላይ የተመለከቱ ቦታዎችን ቀድሞ ለመያዝ ይሽቀዳደማል። ቢቲአር 80 ኤ የምትባለውን የሩሲያ ተሽከርካሪ እንውሰድ። (የእሷን ታላቅ፣ ቢቲአር 60ን፣ በደርግ ጊዜ የነበራችሁ በመንገድ ሳታዩ አትቀሩም።) በጥርጊያ መንገድ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች፣ 30 ሚሊ ሜትር መድፍ አላት፣ ብረቷ ግን ስስ ነው፤ ውፍረቱ ቢበዛ የአንድ ሳንቲ ሜትር ነገር ነው። ስለዚህ እሷን የመረጠ ልጅ ከታንክ ጋር ፊት ለፊት ከተጋጠመ አለቀለት። ቀድሞ መድረስ፣ ጉብታ ሥር መደበቅ፣ የጠላትን ቦታ ለጓደኞቹ ማመልከት፣ ከዚያ ዞሮ ከጎን መምታት አለበት። እኔ ሳየው የዳማና የሩጫ ድብልቅ ይመስለኛል። ዝም ብሎ የሚተኩስ ልጅ በዚህ ተሽከርካሪ ሁለት ደቂቃ አይቆይም። ካርታ ማንበብና መታገሥ ይጠይቃል፤ ይህን ልንክደው አይገባም።

አሁን ደግሞ ጨዋታው የማያሳየውን ልንገራችሁ። ይህ ተሽከርካሪ “የእግረኛ ጦር” የተባለው ከኋላው ሰባት ስምንት ወታደር ስለሚጭን ነው። መድፉም፣ ፍጥነቱም፣ ስምንቱም ጎማ ለእነዚያ ልጆች ሲባል የተሠራ ነው፤ አድርሷቸው፣ አውርዷቸው፣ ከለላ ሰጥቷቸው ሊመልሳቸው። ልጁ በሚነዳው ግን ከኋላ ማንም የለም። በሩ አይከፈትም፤ የሚወርድም፣ ሳይመለስ የሚቀርም የለም። ጎማው ሲመታ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ ነው። ተሽከርካሪው ቢቃጠል በሌላ ይመለሳል። ውሃ የሚጠማው ሰው የለም።

ውሃውን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሌ ባለ ጎማ ብረት ለበስን የምታውቀው ከስክሪን አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጄኔራል ግራዚያኒ ከዶሎ ተነሥቶ በገናሌና በዳዋ ወንዞች አቅጣጫ ወደ ሰሜን ሲዘምት፣ የተማመነው በእግረኛ ብዛት ሳይሆን በመኪና ነበር። ከአሜሪካ ሳይቀር የጭነት መኪና አስገዝቷል። ራስ ደስታ ዳምጠው፣ የንጉሡ አማች፣ ከሲዳሞ አብዛኛውን በእግሩ የሚጓዝ ሠራዊት ይዘው ወርደው ነበር። ከጥር 3 ቀን ጀምሮ አውሮፕላኑ፣ የመርዝ ጋዙና የመኪናው ጦር ባንድነት ወረደባቸው። በዚያ በረሃ ወንዙን የያዘ ሁሉን ያዘ፤ በጥም የተቃጠሉ ወታደሮች ወደ ገናሌ ውሃ ሲሮጡ መትረየስ ይጠብቃቸው ነበር። የጣልያን ጦር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ነገሌ የገባው ጥር 11፣ በጥምቀት ዕለት ነው። ግራዚያኒ በኋላ “የነገሌ ማርኪስ” የሚል ማዕረግ ተሰጠው። ራስ ደስታ በሚቀጥለው ዓመት፣ የካቲት 17 ቀን 1929፣ ተይዘው ተገደሉ።

ከዚያ 38 ዓመት ቆጥራችሁ እንደገና ወደ ነገሌ ተመለሱ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው አራተኛ ብርጌድ አመፀ። ፖለቲካ ከመሆኑ በፊት ነገሩ የምግብና የውሃ ነበር። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም አሉ። ንጉሡ የምድር ጦሩን አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ቢልኩ፣ ወታደሮቹ አግተው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። የዚያን ዓመት አብዮት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙዎቹ ከዚህች ከተማ ይጀምራሉ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ልጁን በታሪክ ትምህርት እንድታሰለቹት አይደለም። ጨዋታው ራሱ በር ስለሚከፍት ነው። በጣልያኖቹ ዝርዝር ውስጥ ኤል 3 የምትባል ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ ታንክ አለች። ልጁ “ደካማ ናት” ብሎ ይንቃት ይሆናል። በታኅሣሥ 1928 ደምበጉና ላይ ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች በእጃቸው ገልብጠው፣ በእሳት ለኩሰው ያስቀሯት እሷን ነው። ይህን ከአያቱ አፍ የሰማ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያያት ዝም ብሎ አያልፋትም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ጨዋታው ልጁን ገዳይ ያደርገዋል ወይ ለሚለው የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው አቋም፣ ከእውነተኛ የወንጀል ጥቃት ጋር የሚያያይዝ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል፤ እንደ መጮኽና መገፋፋት ካሉ ጠባዮች ጋር ግን ትንሽ ግንኙነት አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጨዋታ ሱስን አስገብቷል። መለኪያው ግን የሰዓት ብዛት ብቻ አይደለም፦ ማቆም ሲያቅተው፣ ከምግብ፣ ከትምህርትና ከጓደኛ ሲያስቀድመው፣ እየጎዳውም ሲቀጥል፣ ይህም ብዙውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። የሻምበል ባሻ ልጅ በሚነግሩኝ መሠረት እዚያ አልደረሰም።

ስለዚህ ሻምበል ባሻ፣ አይከልክሉት። ግን ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ድምፁ በሄድፎን ይሁን፣ ካልሆነ ላፕቶፑ ይዘጋ። ይህ የሚያከራክር አይደለም። ምሽት ላይ የሚያቆምበትን ሰዓት አብራችሁ ወስኑ፤ አንዱ ውጊያ ሳያልቅ ገመድ አይንቀሉበት እንጂ፣ ጓደኞቹን ከድቶ የወጣ ስለሚመስለው ጠቡ ከዚያ ይጀምራል። “ይህን ጨርሰህ ተነሣ” ማለት ይበቃል። አንድ ቀን ደግሞ አጠገቡ ይቀመጡና “ከኋላ ያሉት ልጆች የታሉ?” ብለው ይጠይቁት። መልሱን አላውቅም። የሚያወራችሁ ነገር ግን አታጡም።

ሌላም ልበልዎት፣ ቅር አይበልዎት። የጠየቁኝ ስለ ልጁ ነው፤ እንቅልፍ ያጡት ግን እርስዎ ነዎት። የተኩስ ድምፅ ከስንት ዓመት በኋላ ሌሊት የሚቀሰቅሰው ሰው ደካማ አይደለም፤ ሐኪም የሚያውቀውና የሚረዳው ነገር ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ስለ ደም ግፊቱ ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይንገሩ። ለልጁም “ድምፁ የሚረብሸኝ እንዲህ ስላየሁ ነው” ብለው ጥቂቷን ቢነግሩት ከአሥር ክልከላ ይልቅ ይሰማዎታል።

ሌሎቻችሁ ወላጆች ደግሞ ገንዘቡን ልብ በሉ። ጨዋታው ነፃ ነው ብያለሁ፤ ውስጡ ግን “ወርቃማ ንስር” የሚባል መገበያያ በእውነተኛ ብር ይሸጣል፤ ልጁ ወራት ለፍቶ የሚያገኘውን ዓይነት ፈጣን ተሽከርካሪ ዛሬውኑ ሊገዛበት ይችላል። ላፕቶፑ ከውጭ የተላከ ከሆነ የአክስት ወይም የአጎት የባንክ ካርድ ቁጥር ውስጡ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ስትደውል ጠይቋትና ታጥፋው። ከማያውቀው ሰው ጋር የሚጻጻፍበትን ቦታም ልጁ ራሱ እያሳያችሁ ዝጉት።