ጭነት የምንጠብቅበት ቀን ለሙዚየም ይዋል

በእኛ መስመር የሚሠራ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቀን አለ። ዕቃው ተገዝቷል፣ ወረቀቱ ግን አላለቀም። ሾፌሩ «ነገ ጠዋት» ብሏል። ድሬዳዋም ሁን ጅግጅጋ ወይም ሞያሌ፣ ያ ቀን አልጋ ቤት ተቀምጦ ስልክ በመነካካት፣ ቡና በመደጋገም፣ ከባሰም ገበያ ወጥቶ የማያስፈልግ ዕቃ በመግዛት ያልቃል። እኛ ግን ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ያንን ቀን ሰብሰብ ብለን ታሪክ ለማየት እናውለዋለን። ሐረር ጁገልንና የድሬዳዋን አሮጌ ባቡር ጣቢያ አይተናል። በናይሮቢ መስመር ያሉት ጓደኞቻችን ሞምባሳ ወርደው ፎርት ጂሰስን ጎብኝተዋል። «ነጋዴን ደግሞ ሙዚየም ምን ያደርግለታል?» ለምትሉን መልስ አለን።

ያው ነጋዴ ነንና ሒሳቡን እናስቀድም። ከድሬዳዋ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚኒባሱም የአስጎብኚውም ክፍያ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል በዚያ የሥራ ፈት ቀን ከምናባክነው ያነሰ ነው። ከዕቁባችን ጎን ትንሽ ትንሽ እናስቀምጣለን፤ ማንም ከኪሱ ድንገት እንዲያወጣ አይደረግም። ወጪው ይኸው ነው። ገቢው ግን በመዝገብ የማይሰፍር ስለሆነ ማስረዳት ይፈልጋል።

ሐረርን ብዙዎቻችን የምናውቃት በጫት፣ በቡናና በሸመታ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር መሆናቸውን፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2006 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት እንደመዘገባት አስጎብኚ ሁሉ ይነግራል። እኛን የያዘን ግን የበሮቹ ነገር ነው። አምስቱ ጥንታዊ በሮች እያንዳንዳቸው ከከተማዋ በሚወጣ ዋና መንገድ ላይ የቆሙ ናቸው። ሲራራ ነጋዴ ከዘይላና ከበርበራ ጨርቅና ጨው ይዞ ሲመጣ፣ ቡናና ቆዳ ይዞ ሲመለስ፣ ያለ ፈቃድና ያለ ቀረጥ አያልፍም ነበር። ማታ በሩ ይዘጋል፤ ከመሸ የደረሰ ውጭ ያድራል። ይህን ስንሰማ አንዷ ጓደኛችን «አቦ! ኬላ ማለት እኮ ነው!» ብላ ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚያ ወዲያ የአስጎብኚውን አፍ ለመዝጋት ጊዜ አልነበረንም። ጥያቄው ጎርፍ ሆነ። ቀረጡ በዓይነት ነው በገንዘብ? ማን ይመዝናል? ዋስ ያስፈልግ ነበር?

ሙዚየም ውስጥም እንዲሁ ነው። ሐረር በአሚሮቿ ጊዜ የራሷን ሳንቲም ትመታ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቅ ነበር? የሸሪፍ ሙዚየም ከብራና መጻሕፍቱና ከጦር መሣሪያው ጋር ገንዘቡንም ሰብስቦ ያሳያል። ማርትሬዛውም አለ። ያ የብር ገንዘብ በየትኛውም ዓመት ይመታ፣ የተጻፈበት ዓመት 1780 ብቻ ነው። ነጋዴ የለመደው መልክ ሲቀየርበት አልቀበልም ስላለ ነው እንዲያ የቀረው። ዛሬ አሮጌ ወይም የተቀደደ ዶላር ሲሰጡን ፊታችንን የምናዞር ሁሉ ይህን ለመረዳት ዲፕሎማ አያስፈልገንም።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለን። በአንድ ሙዚየም፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ አስጎብኚው ሴቶች መሆናችንን አይቶ ሚዛኑንና ገንዘቡን አልፎ በቀጥታ ወደ ጌጣጌጡ ወሰደን። ጌጡም ያምራል፣ አልጠላንም። ግን ጌጡ ስንት እንደተሸጠ፣ ብሩ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳቀለጠው ብንጠይቀው መልስ አልነበረውም። የአገራችን ጉብኝት በብዛት የነገሥታትና የፈረንጅ ጉብኝት ነው። ሐረር ስትሄዱ የራምቦ ቤት የሚባለውን ያሳዩአችኋል። የሚታየውን ቤት ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ራምቦ በዚያ አልኖረበትም። ስለ ሕንዳዊው ግን የሚነገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው! ራምቦንም ቢሆን ገጣሚ ብቻ አድርገው ነው የሚነግሩን። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ሐረር የገባው የቡና ነጋዴ ተቀጣሪ ሆኖ ነው። በኋላ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ከባሕር ዳርቻ ሸዋ ድረስ ሲራራ አስነሥቶ ሄደ። ሸሪኩ ሞቶበት ነበርና የሟቹን ዕዳ የሚጠይቁ ሰዎች ተነሡበት፣ በዋጋም ተከራክረው ቀነሱበት፣ ገንዘቡንም በእጁ ከመስጠት ይልቅ ሐረር ሄዶ ከገዥው ከመኮንን እንዲቀበል ላኩት። የሸሪክ ዕዳ፣ የዋጋ ቅናሽ፣ «እዚያ ሄደህ ተቀበል» የሚል ወረቀት። ይህን ታሪክ ለእኛ ቢነግሩን ማን ያንቀላፋል?

በፈረስ መጋላና በጊድር መጋላ መካከል ባለው መኪና ግርግር ስናልፍ ግን ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። የልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀር ድምፅ ነው ለመንገዱ ስም የሰጠው። እዚያ ቆመን ያየነው ታሪክ በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ አይደለም፤ ጨርቁን የምናመጣው እኛው ነን።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። በአንድ የሐረሪ ቤት ገብተን ሳለ ወለሉና መደቡ ለምን ቀይ እንደተቀባ ተነገረን። እ.ኤ.አ. በጥር 1887 በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ምኒልክ ሐረርን የያዙት ከዚያ ጦርነት በኋላ ነው። በቡድናችን ውስጥ አያቷ ከሸዋ ጦር ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ አለች። ኦሮሞ አለች፣ ሐረሪ አለች፣ «አባዮ» እያልን የምንጠራት ሶማሌ ሸሪካችንም ነበረች። ቤቱ ጸጥ አለ። አስጎብኚው ራሱ ደንግጦ ወደ ሰፌዶቹ ሊያሻግረን ሲል አንዲት ታላቃችን «ልጄ፣ ጀምረኸዋል ጨርሰው» አሉት። ጨረሰው። በመልሱ መንገድ፣ ደንገጎን ቁልቁል እየወረድን፣ ሚኒባሱ ውስጥ ክርክር ሆነ። አንዷ ያዳመጠችው ሌላዋ ቤት ውስጥ ከሰማችው ጋር አይገጥምም። ድምፅ ከፍ ያለበት ጊዜም ነበር። ድሬዳዋ ስንደርስ ያልተስማማነው ሳንስማማ ወረድን፤ እራት ግን አብረን በላን።

ይህ ነገር ይቅር የሚሉ አሉ። «ለንግድ ወጥተን ነገር ፍለጋ ለምን እንሄዳለን?» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የምንሠራው በዱቤ ነው፤ አብዛኛው ዱቤያችን ደግሞ ያለ ወረቀት ነው። መንገድ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ዕቃችንን በቤቷ ያስቀመጠችልን ያቺው አባዮ ናት፤ ቆጥራ ነው የመለሰችልን። ያን ያህል የምናምናት ሴት ፊት የአያቶቻችንን ጉዳይ ማንሣት ከፈራን፣ ነገሩን የሚያነሡልን ሌሎች ናቸው፤ እነሱ ሲያነሡት ደግሞ ምን እንደሚመስል ሁላችንም በቅርብ ዓመታት አይተናል። በሚኒባስ ውስጥ፣ ከማታ እራት በፊት፣ ከምናውቃት ሰው ጋር መጨቃጨቅ ይሻላል።

ድሬዳዋ ላይ ያለው የባቡር ነገር ቀላል ነው፤ ለልጆችም ይሆናል። መስመሩ ሐረር እንዳይገባ ተራራው ስለከበደ ሥሩ ላይ ቀረና እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ተቆረቆረች። በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሠረ፣ ሌላ ተተካ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የሐረር የሲራራ ንግድም በዚያው ተዳከመ። መስመር ሲዞር ገበያ ምን እንደሚሆን ለልጅ ለማሳየት ከጣቢያው የተሻለ ቦታ አናውቅም። አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃችን ሐዲዱ ላይ ቆሞ «ታዲያ በርበራ ቢከፈት ጂቡቲስ?» ብሎ ጠየቀ። ተመልከቱ፣ ይህን በትምህርት ቤት ማንም አልጠየቀውም።

ስለ ሞምባሳ የምንናገረው ጓደኞቻችን ካዩት ነው። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 የጀመሩትን ምሽግ ኦማኖች ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ከበባ በ1698 ወሰዱት፤ እንግሊዞች ደግሞ እስር ቤት አደረጉት። ሙዚየሙ ውስጥ ከጥንት የመጣ የቻይና ሳህን ተደርድሯል። የቻይና ዕቃ በማምጣት የመጀመሪያዎቹ እኛ የመሰለን ሁሉ ሄደን እንየው።

ከልምድ የምንለው ይህ ነው። ከአሥራ አምስት አትብለጡ፤ ኋላ ያለው አይሰማም። አስጎብኚውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ዋጋውን ግን እስኪደማ አትከራከሩት። ለሸቀጥ የሚበቃው ክርክራችን ለዕውቀት ሲሆን ያሳፍራል። ምን መስማት እንደምትፈልጉ ከጅምሩ ንገሩት፦ ቀረጡን፣ ሚዛኑን፣ መንገዱን። ዘበኛ ሳያስፈቅዱ ፎቶ አይነሣም። እግራችሁን የሚጠብቅ ጫማ አድርጉ፤ የጁገል ጠባብ መንገዶች ለተረከዝ ጫማ አልተሠሩም።

ለሚቀጥለው ጉዞ ሐረርን በድጋሚ አስበናል፤ በዚህኛው ዙር ከቡና ማከማቻዎችና ከቆዳ ነጋዴዎች ሰፈር እንጀምራለን። ስለ ሕንዶቹ፣ ስለ አርመኖቹና ስለ የመኖቹ ሱቆች የሚያውቅ፣ ዕድሜው የገፋ የከተማዋን ሰው የምታውቁ ካላችሁ አገናኙን። ክፍያው አያጣላንም፤ ሁለት የሚኒባስ ወንበርም ክፍት ነው።