የባለይዞታ ፊርማ ስንት ያወጣል?

በፉሪ ቤት የሚገዛ ሰው ካርታውን ካየ በኋላ «ፕላኑስ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ቦታው ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለመንገድ ወይስ ለአረንጓዴ ነው የተመደበው? የግንባታ ፈቃዱም፣ የባንክ ግምቱም፣ የሽያጭ ዋጋውም የሚከተለው ይህንኑ ምድብ ነው።

ታዲያ ምድቡ ከአካባቢው ኑሮና ገበያ ጋር አልገጥም ሲል ባለይዞታዎች ተፈራርመው ሊያስነሱት ይችላሉን? በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ1926 ለግዛቶች አርአያ እንዲሆን የወጣው ሕግ ለፊርማ ክብደት ሰጥቶታል። ለውጡ ከሚነካው ቦታ የ20 በመቶው ባለቤቶች ከተቃወሙ፣ ለውጡ የሚጸድቀው በምክር ቤቱ ሦስት አራተኛ ድምፅ ብቻ ነው።

በእኛ አገር ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወዲህ የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፤ ባለይዞታው የራሱ የሚለው ቤቱን ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የአጠቃቀም ለውጥ መጠየቅ ይቻላል፤ የሚፈቀደው ግን ከፕላኑ ጋር ከተስማማ ነው። ችግሩ ያለው ፕላኑ ላይ ሲሆንስ?

ያኔ መንገዱ የፕላን ክለሳ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሕዝብ በፕላኑ ላይ እንዲወያይ፣ የመዋቅራዊ ፕላን ዕድሜም ከ10 ዓመት እንዳይበልጥ ደንግጓል። የአዲስ አበባ 10ኛው ፕላን የጸደቀው በ2009 ዓ.ም በመሆኑ ዘመኑ የሚያበቃው በ2019 ዓ.ም ነው። እንግዲህ የፉሪ ባለይዞታዎች መሰባሰብ ያለባቸው አዲሱ ካርታ ከመታተሙ በፊት ነው።

በቅድሚያ ይዞታው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ ይጣራ። አዲስ አበባና ኦሮሚያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም ወሰን ተስማምተዋል፤ ሸገር ከተማም ፉሪ የሚባል ክፍለ ከተማ አለው። በማይመለከተው ቢሮ የገባ ማመልከቻ ጊዜ ከማባከን በቀር አይጠቅምም። ቀጥሎ የካርታ ቅጂዎች፣ በፕላኑ የሰፈረው ምድብ፣ በመሬት ላይ ያለው አገልግሎትና የሚፈለገው ለውጥ በአንድ ማመልከቻ ተጠቃለው ይግቡ። የገቢ ደብዳቤ ቁጥር ሳይቀበሉ መመለስ አይገባም።

«ጎረቤት ስለተፈራረመ የወንዝ ዳር አረንጓዴ ይሸጥ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አይሸጥም። የምንጠይቀው ፊርማ ፕላንን ይሻር ብለን አይደለም። የአንድ ሠፈር አብዛኛው ባለይዞታ ከፈረመ ቢሮው በተወሰነ ቀን ውስጥ ከነምክንያቱ የጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ ይኑርበት ነው። «አይቻልም» የተባለ ባለሀብት ገንዘቡን ወደ ሌላ ሥራ ያዞራል፤ መልስ ያጣ ግን ቤቱንም አያድስ፣ አይሸጥም።