የመስቀል ወፍ ወይስ የኅዳር ወፍ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ መጀመሪያ አሳቀኝ፤ ቆይቶ ግን አሳሰበኝ። ጸሐፊዋ የወልቂጤ ልጅ ናት፤ ቡታጅራ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ዕድሜዋ 23 ነው። ስሟን አልጻፈችም፤ ብትጽፈውም አላወጣውም ነበር። ደብዳቤውን አሳጥሬ እነሆ፦

“ጓደኛዬ መርካቶ ነው የሚሠራው። በዓመት አንዴ ለመስቀል ይመጣል። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመታችን ስለሆነ ሽማግሌ ይልካል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን በበዓሉ ማግስት ‘ዝዋይ ልውሰድሽ’ አለኝ። ደስ ብሎኝ ፀጉሬን ተሠራሁ፣ አዲስ ጫማ አደረግሁ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ከቦርሳው ባይነኩላር አወጣና እስከ ማታ ወፍ ሲያይ ዋለ! ‘ከአውሮፓ የሚመጡ አሉ፣ ጠብቂ’ ይለኛል። ጠበቅን፤ አልመጡም። ስለ እኛ ጉዳይ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ይዞኝ ተመለሰ። ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ ‘ወፍ የለም!’ እያሉ ይስቁብኛል። ልጠብቀው ወይስ ልተወው?”

እህቴ፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ ቋጥረሻል፤ እስቲ እንፍታው። በወፉ ነገር ልጁን አትፍረጂበት። እኔም ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ የአጎቴ ልጅ ጎትቶኝ እዚያው ሐይቅ ዳር ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ሰዓቴን ነበር የማየው፤ በኋላ ግን “እንሂድ” ሲለኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

የእናንተ ችግር ቀኑ ነው። መስከረም 18 ገና ነበር። ፈረንጆቹ ገል የሚሏቸው ነጫጭ የባሕር ወፎች ዝዋይ ላይ በርከት የሚሉት በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ እስከ መጋቢት ድረስ ይቆያሉ። በመስከረም ያያችሁት ባለ ግራጫ ራሱ ገል ይሆናል፤ እሱ የአፍሪካ ኗሪ ነው፣ እንግዳ አይደለም።

እንግዶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው ብለሽ ጀምሪ። ትንሹ በአገሩ በጋ ራሱ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲመጣ ግን ጭንቅላቱ ነጭ ሆኖ ከዓይኑ ኋላ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ትቀረዋለች፤ ኩል ተኩላ የተዛባባት ሙሽራ ይመስላል። እግሩ ቀይ ነው። ትልቁ ጥቁር ካፖርት የደረበ የሚመስለው ነው፤ እግሩ ቢጫ፣ ቢጫ መንቆሩ ላይ ቀይ ነጥብ አለው። ጫጩቶቹ ሲርባቸው ያቺን ነጥብ ነካ ነካ ያደርጋሉ፣ ወላጅ ያመጣውን ይተፋላቸዋል። ጥቁር ካፖርቱን ለመልበስ ደግሞ አራት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ቡናማና ዝንጉርጉር ነው። (የአንቺው ገና ሦስተኛ ዓመቱ ነው... ቀልዴን ነው!)

ይህ ትልቁ ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? ከፊንላንድና ከሰሜን ሩሲያ በኩል ነው። ከፊንላንድ እስከ ዝዋይ በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ5,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዳንዱ እዚህም አይቆምም፣ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይወርዳል። እንዴት ታወቀ ካልሽ፣ አጥኚዎች ጫጩት ሳለ እግሩ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ያስሩለታል፤ አሁን አሁንማ ጀርባው ላይ ትንሽ መሣሪያ አስረው በሳተላይት ይከታተሉታል። የቀለበቱን ነገር የጀመረው አንድ የዴንማርክ መምህር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1899። ስለዚህ ገሉ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ እግሩን እዪ፤ ቁጥሩ ከተነበበ የትና በየትኛው ዓመት እንደተፈለፈለ ማወቅ ይቻላል። ወፏ ቀለበት ኖሯት የአንቺ ጣት ባዶ መሆኑ ያናድዳል፣ ይገባኛል፤ እመለስበታለሁ።

ስትሄጂ ምን ታደርጊያለሽ? ከቡታጅራ ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምዕራብ ስለሆነች ጠዋት ፀሐይዋ በውኃው ላይ ወጥታ ዓይን ትወጋለች፤ ወፉ ሁሉ ጥላ ይመስልሻል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ከጀርባሽ ትሆናለች፣ ቀለሙ ሁሉ ይለያል። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጡበት ቦታ ሂጂ፤ ፔሊካኑና አባ ኮዳው የሆድ ዕቃውን ለመቀራመት እዚያ ተሰልፈዋል፣ ገሎቹም አይጠፉም። ተረከዙ የረዘመ ጫማ ይቅርብሽ። ጉማሬ ስላለ ቄጠማው ውስጥ አትግቢ። ሌላው፣ ባይነኩላሩን እሱ ብቻ እንዳይዘው፣ ተቀበዪው! አንዱ ሲያይ ሌላው ጫማውን የሚያይበት ሽርሽር ማንንም ያስከፋል።

እንግዲህ ወደ ልጁ። ሰው በዓመት አንዴ ብቅ ሲል “እንደ መስቀል ወፍ” እንላለን አይደል? የሚገርመው፣ የመስቀል ወፍ ከምንላቸው አብዛኞቹ ከየትም አይመጡም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው፤ ወንዱ በክረምት ማብቂያ ቀይና ጥቁር ላባ ስለሚለብስ ነው የምናየው፣ በሌላው ጊዜ እንደ ድንቢጥ ሆኖ ያልፈናል። የአንቺው ግን እውነት ይጠፋል፤ በቀሪው ዓመት ስልክ ይደውል አይደውል አልነገርሽኝም። ለጉራጌ ልጅ መስቀል ላይ መምጣት ውለታ አይደለም፤ ባይመጣ እናቱም አትለቀው። የሚወደውን ነገር ሊያሳይሽ መውሰዱን በበጎ እቆጥርለታለሁ፤ ብዙ ወንድ ክትፎ ጋብዞ ነው የሚሸኘው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ነገ አንድ ቃል አለመናገሩን ግን አልወደድኩለትም። አንቺም አልጠየቅሽውም፤ ፀጉርሽን ተሠርተሽ ጠበቅሽ።

ስለዚህ ደውዪለት። “በመስከረም ያጣናቸው ወፎች በኅዳር ይመጣሉ አሉ፤ አንድ እሑድ ሱቁን ተውና ና” በይው። በዓል የለም፣ ዳመራ የለም፣ የሚጠብቀው ዘመድ የለም፤ ከመጣ ለአንቺ ብሎ ነው። ከመጣ እስከ 11 ሰዓት ወፍ እዩ፣ ከዚያ ባይነኩላሩን ቦርሳው ውስጥ ክተቺና ሽማግሌ መቼ እንደሚልክ ፊት ለፊት ጠይቂው። “ሥራ በዝቶብኛል፣ ለመስቀል እንገናኝ” ካለሽ ግን የጓደኞችሽን ቃል እኔም እደግመዋለሁ።

ሁለቱንም፣ ገሎቹን አየሽ አላየሽ፣ እሱም ምን እንዳለሽ፣ ጻፊልኝ።